ስምንተኛው ሺህ በበጌምድር

ዐፄ ናዖድን ያስፈራው ቁጥር ነበር ይባላል።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5,500 ዓመት ነው። በዚያ ላይ 1,500 ሲታከል ሰባት ሺህ ይሞላና ስምንተኛው ሺህ ይገባል። ስምንተኛው ሺህ መዓት የሚወርድበት፣ ልጅ አባቱን የማያፍርበት፣ ዳኛ ጉቦ የሚበላበት፣ ካህን ከነፍስ ይልቅ ገንዘብ የሚወድድበት ዘመን ነው ሲባል ኖሯል። በትውፊት እንደሚተረከው ናዖድ ያን ዘመን በዓይኑ እንዳያይ ፈጣሪውን ለመነ። የሞተውም በ1500 ዓ.ም. ነው፤ ሰባት ሺው በሞላበት ዓመት። ዙፋኑን የወረሰው ልጁ ልብነ ድንግል ገና ብላቴና ነበር፤ ስምንተኛው ሺህ የገባው በእሱ ላይ ነው።

በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ የኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር የንጉሡን ሠራዊት ሰበረ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ለደጋው ሰው ትንቢቱን ቃል በቃል የሚያነብቡለት መሰሉት። ገዳማት ተቃጠሉ፣ መጻሕፍት ነደዱ። ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሽ ኖሮ በ1532 ዓ.ም. ደብረ ዳሞ ላይ ዐረፈ። ልጁ ገላውዴዎስ ከባሕር ማዶ ከመጡት 400 የሚሆኑ ፖርቱጋላውያን መካከል በሕይወት ከተረፉት ጋር ተባብሮ የመጨረሻውን ውጊያ የገጠመው በየካቲት 1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ነው፤ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ያኔ በጌምድር፣ ዛሬ ደቡብ ጎንደር በሚባለው አገር። ኢማሙ እዚያ ወደቀ፣ ጦርነቱም አበቃ። ዓለም ግን አላለፈም፤ የሚቀጥለው ክረምት እንደ ወትሮው ገባ።

የዓለምን ፍጻሜ ብራና ላይ ማስፈር የሐበሻ ጸሐፍት ብቻ ሥራ አልነበረም። ይኩኖ አምላክ የሰሎሞንን ሥርወ መንግሥት መለስኩ ብሎ በነገሠበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1270ዎቹ አካባቢ፣ በሰሜን ዋልታ ጥግ ባለችው በአይስላንድ አንድ ስሙ የጠፋ ጸሐፊ የአባቶቹን ጥንታዊ ግጥሞች በጥጃ ቆዳ ላይ ይገለብጥ ነበር። ሰውዬው ክርስቲያን ነው፤ የገለበጠው ግን ከክርስትና በፊት የነበሩ አማልክት እንዴት እንደሚሞቱ የሚናገር ቃል ነው። ያ ቀን ራግናሮክ ይባላል። ከእሱ ቀድሞ ስኖሪ ስቱርሉሶን የተባለው የአገሩ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1220 አካባቢ ይህንኑ በስድ ንባብ አቀናብሮት ነበር።

ትረካው እንዲህ ነው። በመካከላቸው በጋ የሌለባቸው ሦስት ክረምቶች ይከታተላሉ፤ በረዶው ከየአቅጣጫው ይነፍሳል፣ ፀሐይ ሙቀቷን ትነፍጋለች። ወንድም ወንድሙን ይገድላል፣ የሥጋ ዝምድና ይፈርሳል። ፀሐይን ተኩላ ይውጣታል። ታስሮ የኖረው ታላቁ ተኩላ ፌንሪር እስራቱን በጥሶ የአማልክቱን አለቃ ኦዲንን ይበላዋል። የነጎድጓዱ ጌታ ቶር ምድርን የከበባትን እባብ ገድሎ፣ በመርዙ ዘጠኝ እርምጃ ሄዶ ይወድቃል። በመጨረሻ ሱርትር የተባለው የእሳት ግዙፍ ዓለምን ያቃጥላል። ከእሳቱ በኋላ ምድር ዳግመኛ ለምልማ ከባሕር ትወጣለች፣ ሳይዘሩት የሚበቅል እርሻ ይታያል፤ በዛፍ ውስጥ ተደብቀው የተረፉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ዘር ይሆናሉ። አንዳንድ ተመራማሪዎች የሦስቱን ክረምቶች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ536 በእሳተ ገሞራ ጢስ ፀሐይ ከደበዘዘችበት እውነተኛ መቅሠፍት ጋር ያያይዙታል። የዚያ ዘመን ብርድ በአሮጌ ዛፎች ቀለበት ላይ ተጽፎ ይነበባል።

ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ በብዙ ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ክርስቶስ ለደቀ መዛሙርቱ የኋለኛውን ዘመን ምልክት ሲነግራቸው የሚያሳይ ነው፤ ረኃቡ፣ ቸነፈሩ፣ የወንድማማች ጦርነቱ ሁሉ አለበት። በአንድ ነገር ግን ይለያል። የሰሜኖቹ አማልክት እንደሚሞቱ እያወቁ ወደ ጦር ሜዳ ይወርዳሉ እንጂ የሚያድናቸውን አይጠብቁም። የሐበሻው መጽሐፍ ከመከራው ቀጥሎ ንጉሥ ያመጣል፤ ስሙንም ይናገራል። ቴዎድሮስ።

ይህ ስም በደጋው ሰው ልብ ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ለማወቅ የስኮትላንዱን መንገደኛ ጄምስ ብሩስን መጥቀስ ይበቃል። ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለጥቂት ወራት ብቻ ነግሦ የሞተው ቀዳማዊ ቴዎድሮስ ተመልሶ እንደሚነሣ፣ ሺህ ዓመትም በሰላምና በጥጋብ እንደሚገዛ ሰዎች ያምኑ ነበር። ሰላም የተመኙት ያለ ምክንያት አይደለም። ብሩስ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ራስ ሚካኤል ስሑል ንጉሠ ነገሥት ኢዮአስን አስገድሏል። ዘመነ መሳፍንት ገብቷል።

ደብረ ታቦር የዚያ ዘመን ልጅ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ የየጁው ራስ ጉግሣ መርሶ ከጎንደር ወጥቶ ከጉና ተራራ በስተ ምዕራብ ባለው ደጋ ላይ ከተማውን ቆረቆረ። ቦታው ለጦረኛ የተመቸ ነው። ከ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ የፎገራን ሜዳ ወደ ታች ያያል፤ ወደ ምሥራቅ የጋይንት፣ የወድላና የላስታ መንገድ ይከፈትለታል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ጉና ርብንና ጉማራን አፍልቆ ወደ ጣና ይልካል። የከተማው ስም ክርስቶስ ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ተራራ የተወሰደ ነው፤ ስለዚህ ነሐሴ 13 ቀን ጅራፍ ሲጮኽና ችቦ ሲበራ በዓሉና ከተማው በአንድ ስም ይጠራሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደር ላይ በባዶ ግንብ ተቀምጦ ሳለ፣ አገሩ የሚገዛው ከዚህ ኮረብታ ነበር።

ወንድም ወንድሙን የሚገድልበት ዘመን ምን እንደሚመስል ከ1834 ዓ.ም.ቱ ውጊያ በላይ የሚያሳይ የለም። የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ በብዙ ነፍጥ ታግዞ ደብረ ታቦር ላይ የየጁውን ራስ ዓሊን ድል ነሣ፤ ዓሊም ሸሸ። ውቤ ድሉን ሊያከብር ድንኳኑ ውስጥ ለመጠጥ በተቀመጠበት የዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ማረከው። በአንድ ቀን አሸናፊው እስረኛ፣ ተሸናፊው ገዥ ሆነ። በእንዲህ ያለ ዘመን ገበሬው ማንን አምኖ ይዝራ? ጠዋት የአንዱ ጦር፣ ማታ የሌላው ጦር ጎተራውን ያራግፍበታል። ፍካሬ ኢየሱስን ያነበበ ደብተራ ምልክቱን በመስኮት እያየው ነው።

ካሳ ኃይሉ ይህን ሁሉ ከታች ሆኖ አይቷል። የቋራ ሰው ነው፤ አባቱ ከሞተ በኋላ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ጎንደር ውስጥ በድህነት ኖራለች፣ ጠላቶቹም ዕድሜውን ሙሉ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ሰደቡት። ፊደል የቆጠረበት የጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም በመሳፍንት ጦር ሲመታ ሕፃናት ጓደኞቹ ሲሞቱ እሱ አምልጧል። ሽፍታ ሆነ፤ የራስ ዓሊ እናት የእቴጌ መነን ወገን አዳክሞ ሊያቆየው ቢፈልግም አልሆነም፤ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አገባ። ከዚያ በኋላ የመጣው እንደ ጎርፍ ነው። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ገደለ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን አይሻል ላይ የሚስቱን አባት ራስ ዓሊን ሰበረ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ውቤን ድል ካደረገ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ውቤ ለራሱ ንግሥ ባሠራው በደረስጌ ማርያም፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀባ።

ስሙን መረጠ። ዳግማዊ ቴዎድሮስ።

ይህ ምርጫ ከመድፍ የሚከብድ መሣሪያ ነበር። ነጋሪቱ ሲጎሰም ስሙን የሰማ ሁሉ መጽሐፉን ያውቀዋል፤ ያላነበበውም ሲተረክ ሰምቷል። ቴዎድሮስም መጀመሪያ ላይ ለስሙ የሚገባ ሥራ ሠራ። ሽፍታው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ አወጀ፤ ለሠራዊቱ ደመወዝ ሊቆርጥለት፣ ከገበሬው መዝረፉንም ሊያስተወው ሞከረ። ደብረ ታቦርን ዋና ከተማው አደረገ። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ስትሞት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ እንግሊዛዊው ወዳጁ ጆን ቤል ስለ እሱ ሲወድቅ፣ ቁጣውን የሚያበርድለት ሰው አጠገቡ አልቀረም። የቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ የጣለው ገደብ ካህናቱን አስቆጣ። አንዱን ክፍለ ሀገር ሲያቀና ሌላው ይሸፍታል።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ኮረብታ አለ። ንጉሡ ከባዝል አካባቢ የመጡ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ አሰፈራቸው፤ ቴዎፊል ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ እንዲሁም መድፍ አፍሳሹ ሞሪትዝ ሆል። እነሱ ወንጌል ሊሰብኩ ነበር የመጡት፤ እሱ የፈለገው መድፍ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፣ ሁለተኛው ተሳካ። አበሾች ከአጠገባቸው ቆመው ብረት ማቅለጥን ተማሩ። የጋፋት ታሪክ ከሁሉ በላይ ልብ የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው፤ ማረሻና መንኮራኩር ሊያበጅ ይችል የነበረ እጅ ሁሉ ለአንድ ሰው ቁጣ ተማረከ። ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፈው ደብዳቤ መልስ ሲያጣ ቆንስሉን ካሜሮንን አሰረ፣ ኋላም ሊያስፈቱ የመጡትን ጨምሮ አሰረ። በ1858 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ጣና ዳር ቆራጣ ላይ የሰፈረው ሠራዊት በኮሌራ ሲያልቅ ሰፈሩ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ሸሸ።

በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደር ነደደች። ንጉሡ ያቃጠላት ከተማ የነገሥታት ከተማ ናት፤ ከአብያተ ክርስቲያናቷ ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ተለቅመው ተወሰዱ። በሚቀጥሉት ወራት ተራው የበጌምድር ገበሬ ሆነ። በዘመኑ እስረኞች የነበሩ አውሮፓውያን የጻፉት ለማንበብ ይከብዳል፤ መንደሮች ከነሰዎቻቸው ተቃጥለዋል። ገበሬው በበኩሉ ሸፈተ፣ ወታደሩ በሌሊት ከዳ። በመላ አገሪቱ ስሙ ያስፈራ የነበረው ንጉሥ በ1859 ዓ.ም. መጨረሻ በእጁ የቀረው ደብረ ታቦርና ዙሪያዋ፣ እንዲሁም የመቅደላ አምባ ነበር። እንዲነግሥ በመጽሐፍ የተጠበቀው ሰው ሊያስቆመው የመጣውን መከራ ራሱ ሆነ። የበጌምድር ሰው ትንቢቱን በሁለት እጁ የያዘው በዚህ ዓመት ነው፤ በአንዱ ንጉሡን፣ በሌላው እሳቱን።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም አልፎ ጥቅምት ሊገባ ሲል ደብረ ታቦር ራሷ ተቃጠለች። ለኳሿ ንጉሡ ነበር። ሊመለስባት አላሰበም።

ከዚያ የሆነው በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ወደር የለውም። የጋፋት ሠሪዎች ያበጁት ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ስሙ በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ ከተማ የተወሰደ ነው። ይህን ብረት፣ ሌሎች መድፎችን፣ እስረኞችን፣ ሴቶችን፣ ሕፃናትንና የቀረውን ሠራዊት ይዞ ንጉሡ በጉና ግርጌ ወደ ጋይንት ተነሣ። መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ሠራው። ጨጨሆ ላይ ገደሉ ተፈለጠ፤ ድንጋይ በእጅ ተነሥቶ ዳር ተደረደረ፣ ንጉሡም እንደ ማንኛውም ሰው ድንጋይ ይሸከም ነበር። በቁልቁለቱ መድፉ እንዳያመልጥ፣ በአቀበቱ እንዳይቀር በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይጎትቱታል። ወድላንና ደላንታን አቋርጦ፣ የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጥቶ መቅደላ ለመድረስ አምስት ወር ተኩል ገደማ ፈጀ። እስረኞቹን ለማስፈታት ከባሕር በኩል የመጡት የእንግሊዝ መሐንዲሶች ያን መንገድ ሲያዩ ተደንቀዋል፤ እነሱ ዝሆንና የባቡር ሐዲድ ይዘው ነበር የመጡት።

የስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ አሮጌ ላይ ሠራዊቱ ከአምባው ወርዶ ከሰር ሮበርት ናፒየር ጦር ጋር ገጠመ። ወደ 700 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ከወዲያኛው ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። ያ ሁሉ ትከሻ የተላጠለት ሴባስቶፖል ቀኑን አልለወጠም። የትንሣኤ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ እንግሊዞች በሩን ሲሰብሩ ቴዎድሮስ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ ባገኘው ሽጉጥ ራሱን ገደለ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሞ አለ።

ደብረ ታቦር ግን ተነሣች። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በበጌምድር ሲከርም ከተማዋንና አጠገቧ ያለችውን ሰመራን መናገሻው አደረገ። ቻርልስ ጎርደን ከግብፅ መንግሥት ተልኮ በ1872 ዓ.ም. መጀመሪያ ያገኘው ደብረ ታቦር ላይ ነው። ቤቱ ታደሰ፣ ገበያው ቆመ፤ አመዱን ያዩ ልጆች ሚስት አገቡ።

ሦስቱ ክረምቶች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ሳር ውኃ ላይ በድርቡሽ ተሰበረና ጎንደር ዳግመኛ ነደደች። በዚያው ዓመት ጣሊያኖች ለጦራቸው በምፅዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋር የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ ገባ። ከአገሪቱ ከብት ዘጠና በመቶው እንዳለቀ ይገመታል። ዝናብ ጠፋ፣ አንበጣና ተምች የቀረውን በላ፣ አይጥ ጎተራ ገባ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቀ፤ በጌምድር ንጉሥም በሬም የሌለው አገር ሆነ።

በሬ ለደጋ ገበሬ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ይህን ማስረዳት ያስቸግራል። ገብሱ ዘር አለው፣ ማሳው አለ፣ ሰማዩም አንዳንዴ ይዘንባል፤ አፈሩን የሚገለብጥ ግን የለም። ሰው በዶማ ቆፈረ፤ ምኒልክ እንኳ ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን እንጦጦ ላይ ዶማ ጨበጠ። ጅብ ሰው መልመድ ጀመረ፣ በቀን መንደር ይገባ ነበር። በአይስላንዱ ግጥም ፀሐይን የሚውጣት ተኩላ ነው፤ እዚህ የሞተ ዘመድን መቃብር ከጅብ መጠበቅ የሚችል ጉልበት ያለው ሰው ታጣ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ ገምተዋል። ያን ዘመን ያዩት ስም ሲያወጡለት አላረዘሙም፤ ክፉ ቀን አሉት። እስከ 1884 ዓ.ም. ቆየ። በሽታው ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታወጀ።

እሳት ከሰማይ የወረደው በ1922 ዓ.ም. ነው። የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅና የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል፣ በንጉሥ ተፈሪ ላይ ከደብረ ታቦር ጦር ይዞ ወጣ። መጋቢት 22 ቀን አንቺም ሜዳ ላይ አውሮፕላን በሠራዊቱ ላይ አንዣበበ። መጀመሪያ የበተነው ወረቀት ነበር፤ ንጉሡን የተቃወመ ሁሉ የተወገዘ ነው የሚል። ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ጉግሣ በውጊያው ተገደለ። ከሁለት ቀን በኋላ ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ ዐረፈች። ያን ቀን አንቺም ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያየ የጋይንት ባላገር የአባቶቹ መጽሐፍ ስለ ብረት ወፍ ነግሮት እንደሆነ ለማስታወስ ጊዜ አላገኘም።

የሁለቱ አገር ብራናዎች ዕጣ ግን ተለያየ። የአይስላንዱ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1662 ለዴንማርክ ንጉሥ ተልኮ ኮፐንሃገን ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ከርሟል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1971 በመርከብ ተጭኖ ሲመለስ የሬይክያቪክ ወደብ ሊቀበለው በወጣ ሰው ተጥለቅልቆ ነበር፤ አውሮፕላን ቢወድቅ ይጠፋል ተብሎ በባሕር ነው የመጣው። ቴዎድሮስ ከጎንደርና ከየደብሩ ሰብስቦ ለመቅደላው መድኃኔ ዓለም ያዘጋጃቸው መጻሕፍት ደግሞ እንግሊዞች በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ከጫኑት ዝርፊያ ጋር ከአምባው ወርደዋል። ወደ 350 የሚሆኑት ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። እስካሁን የተቀበላቸው ወደብ የለም።

ደብረ ታቦር ላይ ዛሬም መስከረም 1 ቀን ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መምህር ቁጥሩን ያወጣል። በ2018 ዓ.ም. 5,500 ላይ 2,018 ሲደመር 7,518፤ ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል፣ ዘመኑ የማርቆስ ነው። ጉና ላይ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም፣ አደይ አበባው ወጥቷል። ስምንተኛው ሺህ እስኪሞላ 482 ዓመት ይቀረዋል።